በኒውክሌር ሠራተኞች አካል ውስጥ የገባ ፕሉቶኒየም የአለካክ ታሪክ

ፕሉቶኒየም በተፈጥሮ እምብዛም የማይገኝ፣ ዩራኒየም በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ኒውትሮን ሲውጥ የሚፈጠር ከባድ ብረት ነው። በበርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቻቸው ምንነቱን ያረጋገጡት በየካቲት 1941 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አራት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ ናጋሳኪ ላይ የወደቀው ቦምብ ከዚሁ ብረት ተሠራ። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ማንም ነክቶት የማያውቅ ንጥረ ነገር ብዙ ሠራተኞች በየዕለቱ የሚያሟሙት፣ የሚያጣሩት፣ የሚያቀልጡትና የሚቀርጹት የፋብሪካ ዕቃ ሆነ፤ ከእነዚህ ሠራተኞች ውስጥ ማን ስንት ያህል ወደ ሰውነቱ እንዳስገባ የሚለካበት መንገድ ግን ሥራው ሲጀመር አልነበረም።

ችግሩ የሚመነጨው ከጨረሩ ዓይነት ነው። ለቦምብ የሚውለው ፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ካለው መጠን ግማሹ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እስኪለወጥ የሚወስደው ጊዜ፣ 24,110 ዓመት ነው። በሚለወጥበት ጊዜ በዋናነት የሚለቀው አልፋ ጨረር ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን ያቀፈ ከባድ ቅንጣት ስለሆነ አንድ ገጽ ወረቀት ወይም የሞተው የላይኛው የቆዳ ሽፋን ይገታዋል፤ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘውም 40 ማይክሮሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሃያ አምስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰውነት ውጭ እስካለ ድረስ ብዙም አያስፈራም፤ በትንፋሽ ወይም በቁስል ገብቶ በሳንባ፣ በጉበት ወይም በአጥንት ላይ ሲቀመጥ ግን ጉልበቱን ሁሉ በአጠገቡ ባሉት ጥቂት ሕዋሳት ላይ ለዓመታት ያሳርፋል። አደገኛ የሚያደርገው ይኸው አጭር ጉዞ ከመሣሪያም ይሰውረዋል፤ ከሰውነት ወጥቶ ቆጣሪ ላይ የሚያርፍ አልፋ ጨረር የለምና።

ከዚህ በፊት የነበረው ብቸኛ ልምድ የራዲየም ነበር። በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ በኒው ጀርሲ፣ በኮኔቲከትና በኢሊኖይ በጨለማ የሚያበራ ቀለም በሰዓት ገጾች ላይ ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ራዲየም ዋጡ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ መንጋጋቸው በስብሶ፣ ሌሎች ደግሞ በአጥንት ካንሰር ሞቱ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩት ሮብሊ ኢቫንስ በሕይወት የተረፉትን ለመመርመር ሁለት ነገር ረድቷቸዋል፤ ራዲየም ሲለወጥ የሚፈጥረው ራዶን የተባለ ጋዝ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል፣ ከእሱ የሚወለዱት ንጥረ ነገሮችም ሰውነትን ዘልቆ የሚያልፍ ጋማ ጨረር ይለቃሉ። በ1941 አንድ ሠራተኛ በአካሉ ሊሸከም የሚፈቀድለት ራዲየም ከአንድ ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) አንድ አሥረኛ እንዲሆን የተወሰነው በእነዚህ ሴቶች አካል ላይ በታየው ጉዳት መነሻነት ነበር። ፕሉቶኒየም ግን ጋዝ አይወልድም፣ ጋማ ጨረሩም እጅግ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ከራዲየም ወሰኑን ማስላት ቢቻልም የመለኪያውን ዘዴ መዋስ አልተቻለም።

ሲቦርግ አደጋውን ቀድመው አይተዋል። በጥር 1944 መጀመሪያ፣ የአሜሪካን አቶሚክ ቦምብ ይሠራ በነበረው በማንሃተን ፕሮጀክት ሥር የቺካጎው ላቦራቶሪ የጤና ኃላፊ ለነበሩት ለሮበርት ስቶን ጽፈው፣ አዲሱ ብረት በጥቂቱም ቢሆን ወደ ሰውነት ከገባ ከራዲየም ያላነሰ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ጥናቱ ሳይውል ሳያድር እንዲጀመር አሳሰቡ። በቀጣዩ ወር ያኔ በዓለም ከነበረው እጅግ ጥቂት ፕሉቶኒየም 11 ሚሊግራም ተቀንሶ ለእንስሳት ሙከራ ወደ በርክሊ ወደ ጆሴፍ ሃሚልተን ተላከ። አይጦቹ ያሳዩት ነገር አሳሳቢ ነበር፤ ፕሉቶኒየም እንደ ራዲየም በአጥንት ውስጥ ተበትኖ አይቀበርም፣ ሕይወት ያላቸው ሕዋሳት በሚገኙበት በአጥንቱ ገጽ ላይ ይለጠፋል፣ ከሰውነት የሚወጣውም እጅግ በዝግታ ነው። በመጀመሪያ 5 ማይክሮግራም ተብሎ የነበረው ጊዜያዊ ወሰን በ1945 ወደ 1 ማይክሮግራም የወረደው በዚህ ዓይነት ግኝት ነበር።

ቦምቡ በተሠራበት በሎስ አላሞስ የጤና ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ሐኪም ሉዊስ ሄምፕልማን በመጀመሪያ የነበራቸው መሣሪያ የአፍንጫ ጥራጊ ብቻ ነበር። የሠራተኛው የአፍንጫ ቀዳዳዎች በማጣሪያ ወረቀት ተጠርገው ወረቀቱ ሲደርቅ በአልፋ ቆጣሪ ሥር ይቀመጣል፤ ንባቡ ከፍ ካለ ሰውየው የተበከለ አየር መሳቡ ይታወቃል፣ ወደ ሳንባው ምን ያህል እንደ ዘለቀ ግን አይታወቅም። በነሐሴ 1944 አንድ ወጣት ኬሚስት 10 ሚሊግራም ያህል ፕሉቶኒየም የተሟሟበትን ብልቃጥ ይዞ ሳለ ብልቃጡ በውስጡ በተጠራቀመ ጋዝ ግፊት ፈንድቶ ፈሳሹ ፊቱና አፉ ላይ ተረጨ። አፉ ደጋግሞ ታጠበ፣ ጨጓራውም ተጠረገ፤ ይሁንና ከሁለት ሜትር ገደማ ርቀት ወደ ቆጣሪው እፍ ሲል የመሣሪያው ቀስት ከመጨረሻው ቁጥር እያለፈ ይሄድ ነበር። ሄምፕልማን በሰውየው ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ ሊነግሩት አልቻሉም፤ የላቦራቶሪው ዳይሬክተር ሮበርት ኦፐንሃይመር የመለኪያ ዘዴ እንዲፈለግ ፈቃድ የሰጡትም በዚያው ወር ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከሽንት ነው። ወደ ደም የገባ ፕሉቶኒየም አብዛኛው በጉበትና በአጥንት ሲቀር እጅግ ጥቂቱ በኩላሊት ተጣርቶ ስለሚወጣ፣ የሚወጣውን መዝኖ የቀረውን መገመት ይቻላል። ሥራው የተዘጋ ጎተራ ከሥሩ በሚንጠባጠበው ፍሬ ብቻ ውስጡ ስንት ኩንታል እንዳለ እንደ መናገር ነው፤ ግምቱ ትክክል የሚሆነው የሚንጠባጠበው ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ በእርግጠኝነት ከታወቀ ብቻ ነው። የሎስ አላሞሱ ባዮኬሚስት ራይት ላንግሃም በ1945 መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ ያዋሉት ዘዴ የ24 ሰዓት ሽንት ተሰብስቦ ከአሲድ ጋር እየፈላ እስኪተንና አመዱ ብቻ እስኪቀር ማቃጠልን፣ አመዱን አሟሙቶ ጥቂት ብረት መጨመርን፣ ከዚያም ኩፕፈሮን የተባለ ውህድ ብረቱንና ፕሉቶኒየሙን አንድ ላይ ይዞ ወደ ክሎሮፎርም እንዲያሻግር ማድረግን ይጠይቅ ነበር፤ በመጨረሻ የተገኘው ዝቃጭ በትንሽ የብረት ዝርግ ላይ ተቀብቶ ከቆጣሪው ሥር ይገባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው እጅግ ኢምንት ለሆነ ነገር ነው፤ በአካሉ 1 ማይክሮግራም የተሸከመ ሰው በቀን የሚያወጣው የዚያ አሥር ሺኛ ቢሆን ከዝርግዋ ላይ በደቂቃ የሚፈልቁት የአልፋ ቅንጣቶች 14 ያህል ሲሆኑ፣ ግማሾቹ ወደ ታች ስለሚሄዱ ቆጣሪው ሊያይ የሚችለው ቢበዛ ሰባቱን ነው።

እንዲህ ባለ መጠን ላይ ትልቁ ጠላት ኬሚስትሪው ሳይሆን አቧራ ነበር። በጣት ጫፍ ወይም በልብስ ላይ የቀረች፣ ዓይን የማታያት የፕሉቶኒየም ብናኝ ወደ ጠርሙሱ ከገባች ከኩላሊት ከወጣው ሁሉ ልትበልጥና ጤነኛውን ሰው ወሰን ያለፈ ልታስመስለው ትችላለች። ስለዚህ ሠራተኛው ከሥራው ቦታ ርቆ ከሰነበተ በኋላ ገላውንና ፀጉሩን ታጥቦ፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ፣ ከብክለት በተጠበቀ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ እየቆየ ሽንቱ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ይህ ሥርዓት ከማንኛውም ቀመር የበለጠ አስፈላጊ ነበር ማለት ይቻላል፤ ናሙናው ካልታመነ ከእሱ የሚሰላው ሁሉ አይታመንምና።

ይሁንና ሽንቱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢለካ፣ የሚወጣው ከገባው ስንት እጅ እንደሆነ በሰው ላይ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። አይጥ፣ ጥንቸልና ውሻ የተለያየ መልስ ሰጡ። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች መልሱን የፈለጉበት መንገድ የዚህን ሙያ ታሪክ እስከ ዛሬ ያጠቆረ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1945 በቴነሲ በኦክ ሪጅ ሆስፒታል በመኪና አደጋ አጥንታቸው ተሰብሮ ለተኙ፣ ኤብ ኬድ ለተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ የሲሚንቶ ሠራተኛ 4.7 ማይክሮግራም ፕሉቶኒየም በደም ሥር ተሰጣቸው። እስከ ሐምሌ 1947 ድረስ በኦክ ሪጅ፣ በሮቸስተር፣ በቺካጎና በሳን ፍራንሲስኮ ሆስፒታሎች በጠቅላላው 18 ሕሙማን፣ ከእነሱም አንድ ሕፃን ልጅ፣ ተመሳሳይ መርፌ ተወጉ፤ ሽንታቸውና ዓይነ ምድራቸው ተሰብስቦ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፣ ከኬድ አካልም ጥርስና የአጥንት ናሙና ተወሰደ። ለሕክምና የሚጠቅማቸው አንዳች ነገር አልነበረም። የተመረጡት ዕድሜያቸው አጭር ነው ተብለው ነበር ቢባልም፣ የሆድ ካንሰር አለባቸው ተብለው ከፍተኛውን መጠን ያገኙት የካሊፎርኒያ ቀለም ቀቢ ካንሰር እንደሌለባቸውና ሕመማቸው የጨጓራ ቁስል እንደነበረ ታውቆ እስከ 1966 ኖረዋል።

ይህ የሆነው በጦርነቱ ጥድፊያ ነው የሚለው ማመካኛ ሚዛን አያነሳም፤ ከመርፌዎቹ ብዙዎቹ የተሰጡት ጃፓን እጇን ከሰጠች በኋላ ነበርና። ላንግሃምና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን አጠናቅረው በ1950 ባወጡት ሪፖርት ላይ ሕሙማኑ ያሉት በኮድ ብቻ ሲሆን፣ ስማቸውን ለአደባባይ ያበቃችው የአልበከርኪ ትሪቡን ጋዜጠኛዋ ኢሊን ዌልሰም በ1993 ነው። በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የተቋቋመው በሩት ፋደን የሚመራው አማካሪ ኮሚቴ በጥቅምት 1995 ባቀረበው ሪፖርት፣ ምናልባት ከአንዱ በቀር ሕሙማኑ ምን እንደሚሰጣቸው ተነግሯቸው እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ እንዳላገኘ ገለጸ፤ ፕሬዚዳንቱም ይቅርታ ጠየቁ።

ከእነዚህ ሰዎች የተገኘው ቀመር ግን በዓለም ዙሪያ ባሉ ፋብሪካዎች ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል። የላንግሃም ቀመር በቀላል አነጋገር የሚለው፣ ወደ ደም ከገባው ፕሉቶኒየም በመጀመሪያው ቀን በሽንት የሚወጣው ከመቶ 0.2 ያህል ሲሆን፣ ይህም በፍጥነት እየቀነሰ በመቶኛው ቀን ከመቶ 0.007 ገደማ፣ በሺኛው ቀን ከመቶ 0.001 ገደማ ይደርሳል ነው። አንድ የፋብሪካ የጤና ባለሙያ የሽንቱን ንባብና አደጋው የደረሰበትን ቀን ካወቀ የገባውን መጠን በጥቂት ደቂቃ ሊያሰላ ይችላል። ንባቡ የሚነጻጸርበት ወሰን በ1950ዎቹ ሥር የሰደደው 0.04 ማይክሮኩሪ፣ በክብደት 0.65 ማይክሮግራም የሚሆነው የዕድሜ ልክ ጣሪያ ነበር። የቀመሩ ድካም ከጊዜ በኋላ ታየ። መነሻው የታመሙና በብዛት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሽንት ሲሆን ክትትሉም ለአብዛኞቹ የወራት ዕድሜ ብቻ ነበረው፤ ፓትሪሺያ ደርቢን የድሮውን መረጃ በ1972 እንደገና ሲመረምሩ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚወጣው ቀመሩ ከሚለው እንደሚበልጥ ታወቀ። ይህም ማለት የአሮጌ አደጋ ሽንት በቀመሩ ሲሰላ የገባውን መጠን አብዝቶ ያሳያል ማለት ነው።

ሌላው ክፍተት ሳንባ ነበር። ቀመሩ የሚያውቀው ደም ውስጥ የገባውን ነው፤ ፕሉቶኒየም ሲቃጠል የሚፈጠረው ኦክሳይድ ግን በቀላሉ ስለማይሟሟ ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ወደ ደም የሚያሳልፈው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ጥቅምት 15 ቀን 1965 በኮሎራዶ በሮኪ ፍላትስ የቦምብ ክፍሎች ፋብሪካ በተነሣ እሳት ጭሱን የሳቡ ሠራተኞች ሽንታቸው ብዙ ሳይናገር፣ በቅርቡ የተተከለው የደረት ቆጣሪ 25ቱ ከወሰን በላይ በሳንባቸው እንደያዙ አሳየ። በዚያ ቀን ሽንት ብቻ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ደኅና ናችሁ ተብለው ወደ ሥራቸው በተመለሱ ነበር።

የደረት ቆጣሪው የሚያደምጠው አልፋውን ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚወጣውን ደካማ ኤክስሬይ ነው፤ እሱንም ስድስት ሚሊሜትር ያህል ሥጋ ግማሹን ይውጠዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ከውጭ የሚመጣ ጨረር በማያልፈው በወፍራም ብረት በተሠራ ክፍል ውስጥ ይተኛል (አንዳንዶቹ ክፍሎች ከ1945 በፊት ከተሠሩ የጦር መርከቦች በተወሰደ ብረት የተሠሩ ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ የቀለጠ ብረት የቦምብ ሙከራዎች ብናኝ ይዟልና)፣ መሣሪያዎቹም ደረቱን ሊነኩ እስኪቀርቡ ዝቅ ይደረጉና እስከ አንድ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። የደረቱ ግድግዳ ውፍረት በአልትራሳውንድ ካልተለካ ወፍራሙ ሰው ንጹሕ፣ ቀጭኑ የተበከለ መስሎ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገውም ፕሉቶኒየሙ ራሱ ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚገኘውና ጠንከር ያለ ጋማ ጨረር ያለው አሜሪሲየም 241 ነው፤ የሁለቱ ጥምርታ ከታወቀ ከአንዱ ሌላው ይሰላል። ሰኔ 6 ቀን 2017 በጃፓን ኦአራይ በሚገኝ የምርምር ማዕከል የታሸገ የፕላስቲክ ከረጢት ፈንድቶ አምስት ሠራተኞች ሲበከሉ፣ የአንዱ ሳንባ በመጀመሪያው ልኬታ 22,000 ቤከሬል ፕሉቶኒየም እንደያዘ ተነገረ (ቤከሬል በሰኮንድ አንድ አቶም መለወጡን የሚያመለክት መለኪያ ነው)። ገላቸው በሚገባ ታጥቦ በሌላ ተቋም ሲለኩ በሳንባ ውስጥ ፕሉቶኒየም አልታየም፤ አብዛኛው ንባብ የመጣው ከቆዳ ላይ ከቀረ ብናኝ ነበርና፣ ብክለቱ ወደ ውስጥም እንደገባ ያረጋገጠውና መጠኑን የወሰነው እንደገና የሽንት ምርመራ ሆነ።

ሽንትና ደረት ስለ ተናገሩት ነገር የመጨረሻ ፍርድ ሊሰጥ የሚችለው የሞተ አካል ብቻ ነው። በ1968 በሃንፎርድ የፕሉቶኒየም ማምረቻ ማዕከል የተቋቋመውና ዛሬ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአሜሪካ የትራንስዩራኒየምና የዩራኒየም መዝገብ፣ ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ፈቅደው ሲሞቱ የሚያበረክቱትን የአካል ክፍል፣ አንዳንዴም ሙሉ አስከሬን፣ አቃጥሎና አሟሙቶ እየለካ በሕይወት ሳሉ ከተሰላው ግምት ጋር ያስተያያል። ከሽንት የተሰላው ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው በልጦ መገኘቱ፣ ፕሉቶኒየምም በጉበትና በአጥንት መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል በቁጥር የታወቀው በዚህ ሥራ ነው፤ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከል ኮሚሽን የዛሬ ሞዴሎቹን ሲያወጣም ከዚህ መረጃ ተጠቅሟል። የፈቃድ ጉዳይ ግን በሁሉም ቦታ አልተከበረም። በብሪታንያ ማይክል ሬድፈርን በ2010 ያቀረቡት የምርመራ ሪፖርት በሴላፊልድ የኒውክሌር ማዕከል ይሠሩ ከነበሩ 64 ሟቾች አካል፣ በአብዛኛው ቤተሰብ ሳያውቅ፣ ክፍሎች ተወስደው እንደተመረመሩ ገለጸ። ልኬታው ሳይንሳዊ ጥቅም ነበረው ተብሎ ሊከራከሩበት ይቻላል፤ ባልዋን ቀብራ ልቡና ሳንባው አብሮ እንዳልተቀበረ ከዓመታት በኋላ የሰማች ሴት ፊት ግን ይህ ክርክር አይቆምም።

የተለካው መጠን በጤና ላይ ምን ያደርሳል ለሚለው ጥያቄ ሁለት በጣም የተራራቁ መልሶች ተሰጥተዋል። በሎስ አላሞስ በጦርነቱ ዘመን ከፍተኛ ፕሉቶኒየም የሳቡ 26 ሰዎች ለ50 ዓመት ሲመረመሩ ኖረው፣ እስከ 1994 መጨረሻ የሞቱት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ ከሚጠበቀው ያነሰ ቢሆንም ከመካከላቸው አንዱ እጅግ ብርቅ በሆነው የአጥንት ካንሰር መሞቱ ችላ የሚባል አይደለም። ሃያ ስድስት ሰው ደኅንነትን ለመመስከር የሚበቃ ቁጥር አይደለም፤ ለዚህ ብዙ ጊዜ መጠቀሱም ተገቢ አይመስልም። ሌላው መልስ የመጣው ከኡራል ተራሮች ነው። በ1948 ሥራ በጀመረው በሶቪየት ኅብረቱ የማያክ ፕሉቶኒየም ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞች፣ አንድ አራተኛ ያህሉ ሴቶች፣ ከሎስ አላሞስ ሰዎች እጅግ የላቀ መጠን ስበዋል፤ ጥቂቶቹ ሳንባቸው ጠባሳ ሆኖ እስከመድረቅ ደርሷል። ሰፊ የሽንት ክትትል የተደራጀው ግን በ1970 አካባቢ ስለሆነ፣ በ1949 የተሳበው መጠን ከሃያ ዓመት በኋላ ከተወሰደ ሽንትና ከአስከሬን ምርመራ ወደ ኋላ እየተቆጠረ መሰላት ነበረበት። ከ1994 ጀምሮ የሩሲያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ25 ሺህ በላይ የሚሆኑትን የማያክ ሠራተኞች መዝገብ በጋራ ሲመረምሩ፣ በሳንባ የተቀበሉት መጠን በጨመረ ቁጥር የሳንባ ካንሰር እንደሚጨምር፣ የጉበትና የአጥንት ካንሰርም እንዲሁ እንደሆነ በግልጽ ታይቷል።

ከ2000 ወዲህ እነዚህ አሮጌ ንባቦች በአሜሪካ የፍርድ ክብደት አግኝተዋል። በዚያ ዓመት በጸደቀው የኒውክሌር ሠራተኞች የካሳ ሕግ መሠረት ካንሰር የያዘው ሠራተኛ ወይም ወራሹ 150,000 ዶላር እንዲያገኝ፣ በሽታው በሥራ ላይ ከተቀበለው ጨረር የመጣበት ዕድል ቢያንስ ከመቶ ሃምሳ መሆኑ መታየት አለበት፤ ስሌቱም የሠራተኛውን ጥቅም እንዲያስጠብቅ ከግምቱ የላይኛው ጫፍ ይወሰዳል። ለዚህ ሲባል የመንግሥት ባለሙያዎች የ1950ዎቹን የላቦራቶሪ ደብተሮች አውጥተው፣ በእርሳስ የተጻፉትን የሽንት ንባቦች አንድ በአንድ እየመረመሩ፣ ቆጣሪው ያኔ ሊያይ የማይችለው ትንሹ መጠን ስንት እንደነበር እየገመቱ፣ ዜሮ ተብሎ የተጻፈው በእርግጥ ዜሮ መሆኑን ወይም መሣሪያው ሳያየው መቅረቱን ይለያሉ። መዝገቡ የጠፋ ወይም ጭራሽ ያልተለካ ሲሆን ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል፤ በአንድ ፋብሪካ የአንድ ዘመን መጠን በአስተማማኝ መንገድ ሊሰላ እንደማይችል ከታመነ፣ በዚያ ቢያንስ 250 የሥራ ቀናት የሠራና ከተዘረዘሩት 22 የካንሰር ዓይነቶች አንዱ የያዘው ሰው ምንም ቁጥር ሳይጠየቅ ካሳውን ያገኛል።